ቀጥ ብሎ ያልቆመው ሠንጠረዥ

ቀያሹ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጢሙን የሚላጨው በሳምንት አንዴ፣ እሱንም ሚስቱ «ጃርት መሰልክ እኮ» ብላ ስትነዘንዘው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ተነሥቶ በየማለዳው መላጨት ሲጀምር፣ ሸሚዙንም ራሱ ሲተኩስ፣ የየትኛዋም ሚስት ጆሮ ይቆማል። የመትረየስም ጆሮ ቆመ።

መትረየስ ሚስቱ ናት። ስሙን ያወጡላት ድሮ መንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሳለች ነው። የጽሕፈት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ጣቶቿን የለቀቀች እንደሆነ በኮሪደሩ የሚያልፈው ሁሉ «ተኩስ ተከፈተ» ይል ነበር። ቀያሹ ያኔ ከመስክ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ሪፖርት ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስል ስለነበር፣ ሌሎቹ ታይፒስቶች ገና ከሩቅ ሲያዩት አንዷ ሻይ ልጠጣ፣ አንዷ አመመኝ እያሉ ይበተናሉ። መትረየስ ግን ጽሑፉን አነበበችው። ማንበብ ብቻም አይደለም፤ የተዛባውን ፊደልና የተረሳውን ቁጥር ለሱ እንኳ ሳትነግረው እያቃናች ጻፈችለት። አንድ ቀን ጠረጴዛዋን ተደግፎ ጣቶቿን ሲመለከት ቆየና «እጅሽ እኮ አይታይም» አላት። ነገራቸው የተጀመረው ከዚያ ነው። ትዳሩም፣ ልጆቹም ከዚያ መጡ።

ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ከሄዱ በኋላ ቀያሹ መጽሐፍ ልጻፍ አለ። ለጀማሪ ቀያሾች የሚሆን፣ ገደል እንዴት እንደሚለካ፣ ረግረግ ላይ መሣሪያ እንዴት እንደሚተከል፣ በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች መካከል ገመድ ይዞ የሚቆም ሰው ምን መናገርና ምን መዋጥ እንዳለበት የሚያስረዳ መጽሐፍ። በየምዕራፉ ሥዕል አለው፣ ሠንጠረዥ አለው። መትረየስ ትልቁ ልጃቸው ትቶት የሄደውን አሮጌ ኮምፒዩተር ከአቧራው አውጥታ ወልውላ ፊቱ ተቀመጠች። ያስተማራት ሰው የለም። «ያው መኪና ነው፤ ወረቀቱን ዋጠው እንጂ ሌላ ምን ተለወጠ» አለች። ማታ ማታ እሱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የጻፈውን ያነብላታል፣ እሷ ትመታለች። መሐል ላይ ቆም ብላ «እዚህ ጋ አልገባኝም» ስትለው እየተቆጣም ቢሆን ያርመዋል። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኑ። ለማንም ባትናገረውም፣ ከተጋቡ ወዲህ እንደዚያች ዓመት የጣማት ዓመት አልነበረም።

መጽሐፉ አለቀና የቀያሾች ማኅበር አሳትመዋለሁ አለ። ማተሚያ ቤቱ ግን «ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አምጡ» አለ። ፒዲኤፍ ማለት ገጹ እንዳለ ደርቆ፣ የትም ማሽን ላይ ቢከፈት ሳይነቃነቅ የሚታይበት መልክ ነው። የቤታቸው ኮምፒዩተር ደግሞ ከማርጀቱ የተነሣ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም፤ ስለዚህ ቀያሹ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ወዳለው የኮምፒዩተር ሱቅ ሄደ።

የሱቁ ባለቤት ሠላሳዎቹን የጀመረች ሴት ናት። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት ስላለ ሰፈሩ ሁሉ ፍንጭቷ ይላታል፤ እሷም ትወድደዋለች እንጂ አትቀየምም። ስትስቅ ከንፈሯን የማትሸፍን ሴት ናት።

ቀያሹ የመጀመሪያ ቀን ሲመለስ የታተመ ወረቀት ይዞ መጣ። መትረየስ መነጽሯን አድርጋ ተመለከተችው። ገሚሱ ፊደል ጠፍቶ በቦታው ባዶ ሣጥን ተደርድሯል። የሠንጠረዡ ዓምዶች ከመጠጥ ቤት እንደወጡ ሰዎች እየተደጋገፉ ቆመዋል። የመለኪያ መሣሪያው ሥዕል ቦታውን ለቅቆ የምዕራፉ ርዕስ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ገጽ ነጭ ወረቀት አለ፤ አንድም ፊደል የለበትም።

«ይኼ የኔ ሥራ አይደለም» አለች።

ኮምፒዩተሩን ከፍታ አሳየችው። እሷ ጋ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ዓምዶቹ በክር የተወጠሩ ይመስላሉ።

«እኔም ገርሞኛል» አለ ቀያሹ። «ነገ ተመለስ ብላኛለች።»

በማግሥቱ ሄዶ ሲመለስ ግን አነጋገሩ ተለወጠ። ምን ሆኖ ነው ብትለው ኮቱን እየሰቀለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ «የማሽን ነገር ነው፤ ማሽኗ ትንሽ ችግር አለባት» አላት። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ባሏ ግድግዳ እያየ ሲናገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

ሦስተኛ ቀን ሄደ። አራተኛ ቀን ሄደ። መላጨቱ የተጀመረው በዚያ ሳምንት ነው።

መትረየስ በበኩሏ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ያ የተበላሸ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አለ። ወደ ግራ ያዘነበለውን ዓምድ አየችና የቤቱን ፋይል ከፍታ የባዶ ቦታ ቁልፉን፣ ስፔሱን፣ ደጋግማ እየመታች ወደ ቀኝ ገፋችው። ነጩን ገጽ ለማጥፋት ደግሞ ከበላዩ ያለውን ባዶ መስመር ቀነሰች። ባሏ ሲወጣ ፍላሹ ላይ ጫነችለትና «በል ይኼን ስጣት፤ አስተካክዬዋለሁ፤ ዛሬ ያልቃል» አለችው። ቀያሹ ፍላሹን ተቀብሎ አፉን ሊከፍት አለና መልሶ ዘጋው። ያን ቀን ሲመለስ መሽቶ ነበር። ይዞት በመጣው ወረቀት ላይ ነጩ ገጽ አንድ የነበረው ሦስት ሆኗል።

ራት ላይ ሾርባውን እየጨለፈችለት ሳለ ቀያሹ ምን እንደታየው እንጃ፣ «ያቺ ልጅ እኮ የምትደንቅ ናት። እጇ አይታይም» አለ።

ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። ሰውየው ምን እንዳለ እንኳ አላወቀም፤ ዳቦውን ቆርሶ መብላቱን ቀጠለ። መትረየስ ሾርባውን ገልብጣ ተቀመጠች። የራሷን አልነካችውም። ያ ቃል የሷ ነበር። ማንም የማያውቀው፣ ወርቅም ሐብልም ሳይገዛላት በፊት የሰጣት የመጀመሪያ ነገር። አሁን አውጥቶ ለሌላ ሴት ሰጠው፤ ያውም የሷን ሾርባ እየበላ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅናት እንደ ጥርስ ሕመም ያዛት። ቀን ሲሠሩ ይረሳል፤ ጋደም ሲሉ ይነሣል። የጣቶቿን መገጣጠሚያዎች ትመለከታለች፤ አብጠዋል። መስታወት ፊት ቆማ ጥርሷን ታያለች፤ ክፍተት የለውም፤ ያለው ክፍተት የወለቀው መንጋጋ ብቻ ነው። ሰባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሽማግሌ ማን ይፈልገዋል ብላ ራሷን ታጽናናለች። ወዲያው ደግሞ እኔ እፈልገው የለ ወይ፣ እሷስ ለምን አትፈልገውም ትላለች።

እሳቱ ላይ ጭድ የጨመረችው ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። የዳቦ ቤቷ መስኮት ከፍንጭቷ ሱቅ ትይዩ ነው። መትረየስ ዳቦ ልትገዛ ስትገባ «ኧረ ባልሽ ሥራ ያዘ እንዴ?» አለቻት።

«ምነው?»

«ምንም። ፍንጭቷ ጋ ሲገባ ሲወጣ አያለሁ። ሲስቁ እዚህ ድረስ ይሰማል። ደግሞ ወንበር ስጪኝ ብሎ ከጎኗ ነው የሚቀመጠው፤ ሌላው ደንበኛ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።» ዳቦውን በወረቀት እየጠቀለለች ጨመረች፤ «እኔ ምን አገባኝ። ነገር ፈልጌ እንዳይመስልሽ።»

«አይመስለኝም» አለች መትረየስ።

በማግሥቱ ባሏ ከወጣ በኋላ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጥታ ዳቦ ቤቱ ገባችና መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ዳቦ ጋጋሪዋ ምንም ሳትጠይቅ በርጩማ አቀረበችላት። ማዶ ቀያሹና ፍንጭቷ ስክሪኑ ፊት ጭንቅላታቸውን አገናኝተው ተቀምጠዋል። ፍንጭቷ በጣቷ የሆነ ነገር ታሳየዋለች። ቀያሹ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። ትከሻውን እያንቀጠቀጠ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ የሚስቀው ሳቅ ነው። መትረየስ ያን ሳቅ ካየችው ቆይታለች። በርጩማው ላይ ሳትቀመጥ ተመለሰች።

ማታ «ምን ነበር ያሳቃችሁ?» አለችው።

«መቼ?»

«ዛሬ። እሷ ጋ።»

ቀያሹ እንደገና ግድግዳውን አየ። «እንዲሁ ነው። የማይረባ ነገር።»

እዚህ ላይ ሌላ ሴት ብትሆን ሳህን ትሰብር ነበር። መትረየስ ሳህኑን አጥባ አስቀመጠችና ነገ እኔው እሄዳለሁ ብላ ተኛች።

በማግሥቱ ቀያሹ ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቶት ወደዚያ ሄደ። መትረየስ ጥሩውን ቀሚሷን ለበሰች፣ ፀጉሯን አሰረች፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። የተናገረችው አንድም ነገር ባይኖርም መንገዱን ሙሉ በልቧ ስትናገር ነው የሄደችው። ዐይንሽ ሌላ ሰው አላይ አለሽ ወይ ልትላት ነበር። አባትሽ የሚሆን ሰው ነው ልትላት ነበር።

ሱቁ ጠባብ ነው። አንድ ፕሪንተር፣ ሁለት ኮምፒዩተር፣ ግድግዳው ላይ የጉርድ ፎቶግራፍ ናሙናዎች። ፍንጭቷ ቀና ብላ አየቻትና ብድግ አለች።

«እትዬ፣ እርስዎ የጋሼ ባለቤት ነዎት አይደል? ይቀመጡ።»

መትረየስ አልተቀመጠችም። «ይኼ ማሽን የማይጠገን ከሆነ» አለች፣ «ለምን ሌላ ቦታ ሂዱ አትዪንም? ሰውየውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ታመላልሺዋለሽ?»

«የትኛው ማሽን?»

«ያንቺ ነዋ። ታሟል አይደል?»

ፍንጭቷ ግራ ገብቷት ኮምፒዩተሩን አየች፣ ሴትየዋን አየች። ከዚያ እንደገባት ከፊቷ ይታያል። «እትዬ፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም» አለች ቀስ ብላ። «እሳቸው እንዲህ ነው ያሉዎት?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ልጅቷ መልሳ ተቀመጠች። መናገር አልፈለገችም፤ ግን ሴትየዋ በሩ ላይ እንደ ምሰሶ ቆማለች። ፋይሉን ከፈተችና አንድ ምልክት ተጫነች። በአንድ ጊዜ ገጹ ሁሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሞላ። በቃላቱ መካከል፣ በሠንጠረዡ ውስጥ፣ በርዕሱ ፊት፣ ጉንዳን የወረረው ይመስላል። በገጹ ታችኛ ግማሽ ደግሞ አንድ ዓይነት ምልክት ወደ ታች ተደርድሯል።

«እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ስፔስ ነው» አለች ፍንጭቷ። «ዓምዶቹ የተራራቁት በስፔስ ተገፍተው ነው። ከታች የተደረደረው ምልክት ደግሞ ኢንተር፣ የመስመር መውረጃው ቁልፍ ነው፤ ወደ አዲስ ገጽ የተሻገረው እሱ እየተመታ ነው። እርስዎ ቤት የተጻፈበት የፊደል ዓይነት፣ ፎንቱ፣ እኔ ጋ ስለሌለ ማሽኑ በሌላ ዓይነት ይተካዋል፤ ማግኘት ያቃተው ጊዜ ሣጥን ያደርገዋል። የሌላው ፊደል ስፋት ደግሞ የተለየ ነው። አንዱ ፊደል ትንሽ ሲሰፋ ያ ሁሉ ስፔስ ይንሸራተታል፣ መስመሩ ይወርዳል፣ ያ ሁሉ ኢንተር ገጽ አልፎ ይሄዳል። ነጩ ገጽ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፎንቱን ጋሼ ከቤት አምጥተውልኛል፤ ጭኜዋለሁ፤ የኔ ፕሮግራም አዲስ ስለሆነ ግን ስፔሱ አሁንም ይንሸራተታል። ስለዚህ ስፔሱን አንድ ባንድ እየነቀልን ነበር። ግማሽ ስንደርስ አዲስ ፋይል ይዘው መጡ።»

አዲሱን ፋይል የላከችው ራሷ መትረየስ ናት።

ተቀመጠች። ጉንዳኖቹን ተመለከተቻቸው። እያንዳንዳቸውን የመታው አውራ ጣቷ ነው። በጽሕፈት መኪና ሠንጠረዥ የሚሠራው እንዲያ ነበር፤ ተቆጥሮ ይመታል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አለቃ ይፈርማል። ያኔ እንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ የሚያሳምር እጅ ከሷ በቀር በሕንፃው ውስጥ አልነበረም።

«እሱ ያውቃል?» አለች።

«ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። እንዳትነግሪያት ብለውኛል።»

«ትናንት ስትስቁ የነበረውም በዚህ ነው?»

ፍንጭቷ አንገቷን ደፋች። «አንድ ቦታ ገጹን ለመሙላት የተመታው ኢንተር ብዛቱ... ጋሼ ‹ይኼ ተኩስ ነው› አሉ። መትረየስ እንደሚባሉም ነገሩኝ። ክፉ አልነበረም፣ እትዬ።»

መትረየስ እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም። የጠረጠረችው ነገር እንዳልነበረ ገብቷታል፤ ሊቀልላት ይገባ ነበር። ግን ይበልጥ ከበዳት። ባል ሌላ ሴት ቢመኝ ሰው ነው ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ግን በሷ ላይ ምስጢር ነበራቸው፤ አብረው ሲስቁ የነበሩት በእጇ ላይ ነው።

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ልትላት ካዘጋጀችው አንዱንም አላለቻትም።

ቀያሹ ከስብሰባ ሲመለስ ጥሩውን ቀሚሷን ሳታወልቅ ተቀምጣ አገኛት። ገና ከበሩ አወቀ።

«ስህተቱ የኔ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?»

ኮቱን ሳይሰቅል ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። «አንቺ ሠላሳ ዓመት የኔን ስህተት ስታርሚ ለማን ተናገርሽ?» አላት። «እኔ ያኔ የማላውቅ ይመስልሻል? የጻፍኩትንና የሚወጣውን አስተያይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላሳፈርሽኝም። ብድሬን ልክፈል ብዬ ነው።»

ደግ መልስ ነበር። እውነትም ነበር። ለመትረየስ ግን አልበቃትም።

«ለማንም አልተናገርኩም» አለች። «አብሬው የሳቅሁበት ሰውም ግን የለም።»

ቀያሹ አገጩን ዳሰሰ። «እውነትሽን ነው» አለ በመጨረሻ። «ይቅር በይኝ።»

«መላጨቱስ?»

«ምኑ?»

«በየቀኑ የምትላጨው ለማን ነው?»

ቀያሹ እንደ ልጅ ቀላ። «ሰው ፊት መቀመጥ ሆነብኝ» አለ። «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማለዳ ተነሥቼ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም። አማረኝ መሰለኝ።» ትንሽ አሰበና፣ ሰውየው ከነጥፋቱ ሐቀኛ ስለሆነ፣ «ደግሞ ሳቋም ደስ ይላል» ብሎ ጨመረ።

«እሱን አየሁት» አለች መትረየስ። «ከነገ ጀምሮ የምሄደው እኔ ነኝ። ያበላሸሁትን እኔው አቃናለሁ።»

እንዳለችውም ሄደች። ፍንጭቷ ወንበር አቀረበችላት፣ እሷም ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችው። ልጅቷ አንድ ጊዜ አሳየቻት፤ ዓምድ በስፔስ አይገፋም፣ እውነተኛ ሠንጠረዥ ተሠርቶ ቁጥሩ በየክፍሉ ይገባል። አዲስ ገጽ በኢንተር አይፈለግም፤ ገጽ መቁረጫ አለው። ሥዕሉም እንዲንሳፈፍ ከተተወ እንደ ጀልባ ይሄዳል፤ ከመስመሩ ጋር መታሰር አለበት። ፒዲኤፍ ሲደረግ ደግሞ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ መቀመጡን ማየት ነው፤ አለዚያ ማተሚያ ቤቱ ጋ ሣጥኑ እንደገና ይወጣል። መትረየስ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ሦስተኛው ቀን ላይ ተኩሱ ሲከፈት ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ ደንበኛ ዞር ብሎ አያት። ፍንጭቷም እጇን አቁማ አየቻት።

ወዳጆች ሆኑ ማለት ግን አይደለም። ልጅቷ ትሑት ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች፣ ሻይ ታመጣለች፤ መትረየስ ይኼን ሁሉ ታያለች፣ ማየቷም ያናድዳታል። ልጅቷ ክፉ ብትሆን ኖሮ መትረየስ እንዴት ባረፈች።

የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ስትደርስ ባሏ ለብቻው አስተይቦ ያስገባውን የምስጋና ገጽ አገኘች። እሷ አልጻፈችውም፤ ፍንጭቷ ናት የጻፈችለት። «ጽሑፉን ለተየበችልኝ ባለቤቴ» ይላል አንዱ መስመር። ከሥሩ ደግሞ፣ «ገጾቹን በትዕግሥት ላስተካከለችልኝ፣ ብሩህ ፈገግታዋም ድካሜን ላስረሳኝ ለሰፈራችን ባለሙያ» ይላል።

ፍንጭቷ ከደንበኛ ጋር እያወራች ጀርባዋን ሰጥታለች። መትረየስ መስመሯን ደግማ አነበበች። የራሷን ለማሳመር ምንም አልጨመረችም፤ ኩራቷ እሺ አይላትም። ከሁለተኛው መስመር ግን «ብሩህ ፈገግታዋም ድካሜን ላስረሳኝ» የሚለውን ብቻ መርጣ አጠፋችው። ትዕግሥቱን ተወችላት። ትዕግሥት እንደነበራት ራሷ አይታለች። ከዚያ ፒዲኤፍ አደረገችው፤ ገጹን ሁሉ አንድ ባንድ አየችው፤ አንድ ሣጥን፣ አንድ ነጭ ገጽ አልነበረበትም። ማተሚያ ቤቱም ያለ ቃል ተቀበለ።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣ ቀን ቀያሹ ገጹን ሲያገላብጥ ምስጋናው ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

«እዚህ ጋ ትንሽ ነገር የጎደለ መሰለኝ።»

«ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ ወድቆ ይሆናል» አለች መትረየስ ሻይ እየቀዳች። «ያጋጥማል።»

ቀያሹ ብርጭቆውን ተቀበለ፤ ሊስቅ አለና ተወው። መጽሐፉን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በኋላ አንዱን ቅጂ ለፍንጭቷ ልውሰድላት ሲል መትረየስ ጫማዋን ለማድረግ ተነሣች። አብረው ሄዱ፤ ሱቁ ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ ስለነበረ አንዱ ላይ እሷ ተቀመጠች፣ ሌላው የፍንጭቷ ነው። ቀያሹ እስኪወጡ ድረስ ቆሞ ነበር።